የጋሪ ፈረስ ዛብ ከልጓሙ ጋር የሚያያዝበት ብረት፦ ሽቦውን በምን እንተካው?

ዛብ ያዥ
ሰላም ለቤቱ። የጋሪ ፈረስ ዛብ ከልጓሙ ቀለበት ጋር የሚያያዝበትን ነገር ልብ ብሎ ላየ ከሦስት አይወጣም። አንዱ የፌሮ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞርና ይጠመዘዛል፣ ጫፉ እንደ እሾህ ወጥቶ ይቀራል። ሁለተኛው የናይሎን ገመዱ ራሱ ቀለበቱ ላይ መቋጠሩ ነው። ሦስተኛው የውሻ ሰንሰለት ላይ የምናውቀው የሚያብለጨልጭ ባለ ስፕሪንግ መንጠቆ ነው። ሽቦው ከንፈር ይቧጭራል፣ ቋጠሮው ዝናብ ሲነካው አይፈታም፣ መንጠቆው ደግሞ ሳይታሰብ ይሰበራል።

ተራ ብየዳ ቤት ሊሠራው የሚችል፣ ቶሎ የሚፈታ፣ ላብና ዝናብ የሚችል ማያያዣ ለ25 ሚሊ ጠፍር እንዴት ይሠራል? የሽቦውን ውፍረት፣ የሚቆረጠውን ርዝመት፣ የሚበየድበትን ቦታ በቁጥር ብትጽፉልን ለሠሪው ማሳየት ይቻላል።

ሞርሳና መዶሻ
ከመንጠቆው እንጀምር፤ ብዙ ሰው "ብረት ነው" ብሎ የሚገዛው እሱን ነው። አብዛኛው ርካሽ መንጠቆ ብረት አይደለም። ዚንክ ከትንሽ አሉሚኒየም ጋር ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ፣ ላዩን ኒኬል የተቀባ ነው። ለስላሳ ብረት ከመበጠሱ በፊት ይታጠፋል፣ ይለጠጣል፣ ዓይን ያየዋል። ፈስሶ የተሠራ ዚንክ ግን ሳያስጠነቅቅ ነው ቀጭ የሚለው። የተሰበረውን ብታዩት ውስጡ እንደ ስኳር ፍርፍር ያለ ግራጫ ነው። በብዛት የሚለቀው ደግሞ መንጠቆው ከሚዞርበት አንገት ላይ ነው፤ እዚያ ያለችው ጉብታ ሁለት ሚሊ እንኳ ላትሞላ ትችላለች።

ሱቅ ላይ እንዲህ ይለያል። ማግኔት አስጠጉት። ከያዘው ብረት ነው። ካልያዘው ዚንክ፣ ነሐስ ወይም አይዝጌ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በማይታይ ቦታ በሞረድ አንድ ጊዜ ፋቁት፦ ቢጫ ከወጣ ነሐስ ነው፤ ነጣ ያለ ግራጫ ከወጣና ሞረዱ በቀላሉ ከበላው ዚንክ ነው፤ ሞረዱ እየተንሸራተተ ካስቸገረና ከላይም ከታችም አንድ ቀለም ከሆነ አይዝጌ ነው። ስፕሪንጓ ብረት ስለሆነች ማግኔቱን እሷ ልትስበው ትችላለች፤ ስለዚህ የምትሞክሩት አካሉን ነው።

የሚያብለጨልጨው ሁሉ ለፈረስ አፍ አይሆንም በቃ።

ብየዳ ቤት
ቀለበቱን በተመለከተ ቁጥሩን ላስቀምጥ። ውስጡ 27 ሚሊ የሆነ ክብ ቀለበት፣ ከለስላሳ ብረት (ታጥፎ የማይመለስበት ጉልበት 250 ኒውተን በካሬ ሚሊ ተብሎ)፣ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ሲሳብ ቅርጹን መልቀቅ የሚጀምርበት ክብደት በስሌት እንዲህ ይመጣል፦

ባለ 4 ሚሊ ሽቦ፦ ሳይበየድ 10 ኪሎ ገደማ፣ ተበይዶ 32 ኪሎ።
ባለ 5 ሚሊ፦ ሳይበየድ 20 ኪሎ፣ ተበይዶ 61 ኪሎ።
ባለ 6 ሚሊ፦ ሳይበየድ 33 ኪሎ፣ ተበይዶ 103 ኪሎ።

ሳይበየድ ያልኩት ጫፎቹ ተገናኝተው ግን ክፍት የቀሩበትን ነው፤ ክፍተቱ ጎን ላይ ሲሆን። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ መበየዱ ብቻ ጥንካሬውን ከሦስት እጥፍ በላይ ያደርሰዋል። ሁለተኛ፣ ከ4 ወደ 5 ሚሊ መሄድ ትንሽ ይመስላል እንጂ ጥንካሬውን እጥፍ ሊያደርገው ምንም አይቀረው፤ መታጠፍ የሚቋቋመው ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ። ፈረሱ ደንግጦ ጭንቅላቱን ሲወረውር የሚመጣው ጉተታ ቅጽበታዊ ነው፤ ያልተበየደ ባለ 4 ቀለበት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተከፈተ ሄዶ አንድ ቀን ጠፍሩ ይሾልካል። "ራሱ ተፈታ" የሚባለው ይሄ ነው።

ስለዚህ ባለ 6 ሚሊ ለስላሳ ፌሮ፣ የተበየደ። ጥርስ ያለውን ፌሮ ተዉት፤ ጥርሱ ጠፍር ይበላል፣ ብረቱም ደረቅ ያለ ነው፣ ሲታጠፍ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሠራሩ፦ ባለ ሦስት ሩብ ኢንች የውሃ ቱቦ ውጪው 27 ሚሊ ገደማ ነው፤ ሞርሳ ላይ አስሩትና ፌሮውን ስድስት ሰባት ዙር እንደ ስፕሪንግ አጥብቃችሁ ጠምጥሙበት። አውጥታችሁ በአንድ መስመር በሰጌቶ ቁረጡት፤ ስድስት ቀለበት በአንዴ ይወጣል። አንድ በአንድ ለሚቆርጥ ርዝመቱ የውስጥ ስፋት ሲደመር የሽቦ ውፍረት፣ ሲባዛ በ3.14 ነው፤ ማለትም 33 ሲባዛ በ3.14፣ 104 ሚሊ። የተጣመመውን ጫፍ በጉጠት ወደ ጎን አስተካክሉ፣ ሁለቱንም ጫፍ በሞረድ አሹሉና አንድ ሚሊ ተኩል ክፍተት ተዉ። 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ ባለ 6013፣ ከ70 እስከ 80 አምፔር ይበቃል። ክፍተቱ ሳይኖር ላዩን ብቻ ከለጠፋችሁት ውጪው ያምራል፣ ውስጡ አልተያያዘም። ሲሞረድ ብየዳው ሁሉ ተፋቆ ይሄዳል፤ ቀለበቱ ተመልሶ ክፍት ነው ማለት ነው። በውሃ አታቀዝቅዙት፣ በአየር ይቀዝቅዝ።

ዛብ ያዥ
ወንድም ብየዳ ቤት እግዜር ይስጥልን። ግን ቀለበቱ ብቻውን አይፈታም። ልጓሙን አውልቆ ፈረሱን ለማብላት ዛቡ መለየት አለበት። ዘለበት እናድርግ?

የቆዳ እጅ
አዎ ዘለበት፤ ግን ዛቡ ጫፍ ላይ አትስፉት። ዛቡ ረጅምና ውድ ነው፤ የሚበላው ደግሞ የመጨረሻዋ ስንዝር ናት። እሷን ለብቻ አድርጓት። ትንሽ ጫፍ ቀበቶ ማለት ነው፦ 38 ሳንቲ ርዝመት፣ 25 ሚሊ ስፋት፣ ቆዳ ከሆነ 4 ሚሊ ውፍረት። አንድ ጫፏ ላይ ዘለበት፣ ሌላው ጫፏ ላይ ቀዳዳ። በልጓሙ ቀለበትና ዛቡ ጫፍ ላይ ባለው (ብየዳ ቤት ባሳየው) ቀለበት ውስጥ ታልፋለች፣ ትቆለፋለች። ከልጓሙ እስከ ዛቡ 12 ሳንቲ ያህል ርቀት ትሰጣለች። 38 የመጣው 24 ለዙሩ፣ 8 ለቀዳዳው ጫፍ፣ 6 ዘለበቱ ላይ ታጥፎ ለሚሰፋው ነው። ስታልቅ እሷን ብቻ ጥሎ ሌላ መሥራት ነው።

ሌላም ጥቅም አላት። ጠፍሩ ዞሮ ስለሚመጣ ጉተታው ለሁለቱ የጠፍሩ ጎን (እግር እንበላቸው) ይካፈላል። ነጂው በ40 ኪሎ ቢስብ ዘለበቱ የሚያየው 20 ኪሎ ነው። ሽቦ ቀጥ አድርጎ ከማሰር ጋር አይወዳደርም።

የሚበላሸው ምኗ ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ ቀበቶዋ በቀለበቶቹ ውስጥ እየተንሸራተተች ዘለበቱ ቀስ በቀስ ወደ ፈረሱ አፍ ይሄዳል። ይህን ለማስቆም በዛቡ ቀለበት በኩል ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ የሚይዝ 15 ሚሊ ስፋት ያለው ማቀፊያ ቆዳ ይታሰርና ከአንዱ እግር ጋር በሁለት ስፌት ይያዛል። ዘለበቱ ከዛቡ ቀለበት አጠገብ፣ ውጪኛው እግር ላይ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ይቀመጣል።

የእንስሳት ሐኪም
ፊቱን ወደ ውጭ የሚለውን አስምሩበት። የፈረስ ከንፈር ጥግ ቆዳው ስስ ነው፣ ልጓሙም ዘወትር ያርሰዋል። የዘለበት ምላስ ወይም የመንጠቆ ስፕሪንግ ወደ ጉንጭ ከዞረ ባንኳኳ ቁጥር ይቆነጥጣል፤ ፈረሱ ጭንቅላቱን መወርወር ይጀምራል፣ ነጂው "አመለኛ ነው" ብሎ አጥብቆ ይስባል፣ ቁስሉ ይሰፋል። አመል የተባለው ብዙ ጊዜ የሁለት ሚሊ ሽቦ ጫፍ ነው።

የሽቦ ጭረት እዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባለው የጋሪ ፈረሶቻችንን በብዛት የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ በቁስል ነው የሚገባው፤ ዝንብም ከቁስል ወደ ቁስል ያመላልሰዋል። ቆዳ ሥር እንደ ዶቃ የተደረደረ እብጠት ያመጣል፣ እየፈነዳ መግል ያወጣል። ሞቅ ያለና እርጥበት ባለበት ወይና ደጋ ይበዛል። ስለዚህ የታሰረውን ሁሉ በእጅ ጀርባ አሹት። የእጃችሁን ቆዳ የሚይዝ ነገር ካለ የፈረሱንም ይይዛል።

ሌላው፣ የአንዱን ፈረስ ልጓምና ጫፍ ቀበቶ ለሌላው አታውሱ፤ ግድ ከሆነ ብረቱን አጥቡና ቀቅሉት። ቆዳውን ግን መቀቀል አይቻልም፣ ይጨማተራል፤ ቁስል ያለበት ፈረስ የታሰረበትን ቀበቶ አቃጥሉት። ለብቻ ትንሽ ቁራጭ መሆኗ እዚህም ይጠቅማል።

ሰረገላ
አንድ ጥያቄ አለኝ። ፈረስ ሲታሰር ገመዱ ላይ ደካማ ነገር (ሲባጎ ምናምን) ይደረጋል፣ ደንግጦ ሲጎትት አንገቱ ከሚጎዳ እሱ እንዲበጠስ። ታዲያ ዛቡ ላይ ለምን 103 ኪሎ ድረስ እናጠነክራለን? ቢበጠስ አይሻልም ወይ?

ብየዳ ቤት
አይሻልም፣ በጭራሽ። የማሰሪያ ገመድና ዛብ ሥራቸው ለየቅል ነው። የታሰረ ፈረስ ገመዱ ቢበጠስ ቢበዛ ይጠፋል። እየሄደ ያለ ጋሪ ላይ ግን ዛቡ የሚበጠሰው በአንድ ወገን ነው። ነጂው ደንግጦ የቀረውን ይስባል፣ ፈረሱ ወደዚያው ወገን ይታጠፋል፤ መኪና መንገድ ላይ ከሆነ የሚከተለውን ታውቁታላችሁ። ዛብ ላይ ደካማ ቦታ የለም። ፈረሱን በዛቡ ማሰርም ስህተት ነው፤ ለማሰር ሌላ ልባብና ገመድ ይኑር፣ ሲባጎውን እዚያ አድርጉ።

መጀመሪያ ማለቅ ያለበት ግን አንድ ነገር ይኑር፤ መበጠስ አላልኩም፣ ማለቅ። ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ አንዱ ይበላል። ጫፍ ቀበቶዋ ቆዳ ወይም ናይሎን የሆነችው ለዚህ ጭምር ነው፤ የልጓሙን ቀለበት የምትነካው እሷ ስለሆነች ብረት ብረትን አይበላም። በቀጥታ ብረት ከብረት ካያያዛችሁ፣ ስድስት ሚሊ የነበረው ተፍቆ አምስት ሲደርስ ጥንካሬው 40 በመቶ ገደማ ወርዷል። ጥፍር የሚገባበት ቦይ ከታየ ይጣል።

ሞርሳና መዶሻ
ዘለበቱን እኔ ልጻፍ።

ለ25 ሚሊ ጠፍር የዘለበቱ ውስጥ ስፋት 27 ሚሊ ይሁን። ልክ 25 ከሆነ ቆዳው ዝናብ ጠጥቶ ሲያብጥ አይወጣም፤ 30 ከሆነ ጠፍሩ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ምላሱ ይጣመማል። ቁመቱ ውስጡ 22 ሚሊ። ከባለ 5 ሚሊ ሽቦ ሲሠራ 110 ሚሊ ያህል ይቆረጣል። ማዕዘኑን የምታጥፉበት ክብነት ትንሽ ስለሚለዋውጠው አንዱን ሠርታችሁ ለኩት፣ ከዚያ የቀረውን ቁረጡ። ማዕዘን ላይ በመዶሻ ስል አድርጋችሁ አትቀጥቅጡ፤ ስል ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነው።

ከመበየዱ በፊት አንዱ አግዳሚ ላይ ተሽከርካሪ ቱቦ አስገቡ፦ 0.8 ሚሊ ላሜራ፣ 21 በ26 ሚሊ ተቆርጦ፣ ባለ 6 ሚሊ ብረት ላይ ተጠቅልሎ። ይቺ ትንሽ ነገር ለምን አስፈለገች? ጠፍሩ ሲጠብቅ ብረቱ ላይ እየተንሸራተተ ሳይሆን እየተንከባለለ ያልፋል። በአንድ እጅ ማጥበቅ ይቻላል፣ ጠፍሩም አይላጭም። ቱቦዋ የማትዞር ከሆነች ብትቀር ይሻላል፤ ላብና አቧራ ተጋግሮባት ከቆመች በውሃ ታጥባ ጠብታ ዘይት ይደረግላታል።

ምላሱ ከሞተር ሳይክል ራጂ ቢሆን ጥሩ ነው። ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አይጣመምም። ግን አታግሉት፦ ራጂ ጥንካሬውን ያገኘው በብርዱ ተስቦ ስለሆነ እሳት ካየ እንደ ተራ ሽቦ ይለሰልሳል፤ ላዩ ላይ ያለው ዚንክም ይጨሳል። በብርዱ፣ ቀስ ብሎ፣ ሌላኛውን አግዳሚ እንዲያቅፍ ይጠቀለላል። ጫፉ ቱቦዋን አልፎ 2 ሚሊ ይውጣ፣ ከዚያ በሞረድ ይደንዝዝ። አጭር ከሆነ ጠፍሩ ሲላላ ወደ ውስጥ ይገለበጣል።

ብየዳው ጎኑ ላይ ነው የሚሆነው።

ቀለም አልባ
ጎኑ ላይ? የፋብሪካ ዘለበት ሁሉ መጋጠሚያው ምላሱ ሥር ነው፤ እዚያ ነው የሚደበቀው።

ሞርሳና መዶሻ
ፋብሪካው ምላሱ ሥር የሚደብቀው ለመልክ ነው፤ በማሽን ተበይዶ ጉብታው ይጠፋል። በእጅ ስንበይድ ምላሱ ሥር ጉብታ ከቀረ ምላሱ አይዞርም፣ እስኪዞር ከተሞረደ ደግሞ ሳሳ ማለት ነው። አግዳሚው የሚሸከመው መታጠፍን ነው፣ ጎኑ ግን በዋናነት ቀጥ ያለ መሳብን። በእጅ የተበየደ ቦታ መሳብን ከመታጠፍ ይልቅ ይችላል። ክብ ቀለበት ላይም ነገሩ ያው ነው፦ ትልቁ መታጠፍ ጠፍሩ በሚነካቸው ሁለት ነጥቦች ላይ ነው፣ ጎኑ ላይ ግማሹን ትንሽ ቢያልፈው ነው። ክብ ቀለበት ግን ስለሚዞር ቦታውን መምረጥ አይቻልም፤ እዚያ ብየዳው ሙሉ መሆን አለበት፣ ሌላ ምርጫ የለም።

ቀለም አልባ
ተቀብያለሁ፤ ለቀለበቱ ግን ግማሽ ክብ ይሻል ነበር፣ አይዞርም።

ሞርሳና መዶሻ
ለጠፍር ዛብ አዎ። ዛቡ የናይሎን ገመድ ከሆነ ግማሽ ክብ ማዕዘኑ ላይ ገመዱን ይሰበስበውና አንድ ቦታ ብቻ ይበላዋል። ለገመድ ክብ ይሁን፣ ገመዱ ከቀለበቱ ጋር በሚነካካበት ላይ ደግሞ የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ አልብሱት።

የቆዳ እጅ
ቀዳዳው ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። ለ4 ሚሊ ምላስ 5 ሚሊ ቀዳዳ፣ ክብ፣ በመብሻ ቱቦ የተመታ። በቢላ ጫፍ ወይም በወስፌ የተሰነጠቀ ቀዳዳ ስንጥቁ በጠፍሩ ርዝመት ይሮጣል። ከቀዳዳ ቀዳዳ 25 ሚሊ፣ የመጨረሻው ከጫፉ 40 ሚሊ። ናይሎን ጠፍር ከሆነ አትብሱት፤ በጋለ ምስማር ይቀለጥ፣ ዳሩ ራሱ ይቋጫል። የጋለውን ምስማር በጉጠት ያዙ፣ ጭሱን አትተንፍሱ።

ዘለበቱ የሚቀመጥበት እጥፋት ላይ ለምላሱ ረዘም ያለ መስኮት ያስፈልጋል፦ 22 ሚሊ ርዝመት፣ 6 ሚሊ ስፋት። ሁለት 6 ሚሊ ቀዳዳ ጫፍና ጫፍ ላይ ምቱ፣ መሃሉን በቢላ አገናኙ። ስፌቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ርቀት፣ ሰም በተቀባ ክር፣ በሁለት መርፌ ከሁለቱም ወገን። መጨረሻው ላይ ሦስት ስፌት ወደ ኋላ።

የሚቸነክር ሰው ሁለቱን ችንካር ጎን ለጎን አያድርግ። 25 ሚሊ ጠፍር ላይ ባለ 4 ሚሊ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ከሆኑ 8 ሚሊ ሄደ፣ የጠፍሩ ሲሶ ማለት ነው። በርዝመቱ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ 15 ሚሊ ርቆ ከሆነ ግን በአንድ ቦታ የጎደለው 4 ሚሊ ብቻ ነው። ከጭንቅላቱ ሥር ሮንዴላ ይግባ፤ ያለ ሮንዴላ ችንካሩ ቆዳውን በልቶ ያልፋል። ምስማር ቆርጦ መቸንከር የተለመደ ነው፣ ግን ይዝጋል። መዳብ ይሻላል፦ ባለ 10 ካሬ ሚሊ ነጠላ የኤሌክትሪክ ሽቦ ውፍረቱ 3.6 ሚሊ ገደማ ነው። ደም እስኪመስል አግሉትና ውሃ ውስጥ ጨምሩት፤ መዳብ እንደ ብረት አይደለም፣ እንዲህ ሲደረግ ይለሰልሳል። ከሮንዴላው በላይ 5 ሚሊ ያህል ይትረፍና በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን እየመታችሁ አስፉት። አንድ ጊዜ በኃይል መምታት ያጣምመዋል።

ፈረሰኛ
ነሐስስ? እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የሚወጡት ፈረሶች ላይ ነሐሱ ሲያበራ ከሩቅ ያምራል። ለጋሪም አይሆንም ወይ?

የቆዳ እጅ
ለበዓል ፈረስ ነሐስ የሚተካው የለም፤ ከተወለወለ ሁሌም ይበራል። ጋሪ ላይ ግን ሁለት ነገር አስቡ። ነሐስ ከቆዳው ቅባት ጋር ተዋህዶ አረንጓዴ ነገር ያወጣል፤ እየተጠረገ ካልሄደ ስፌቱን ያደርቀዋል። ደግሞ ነሐስና ብረት ጎን ለጎን ሆነው በላብ ሲርሱ ብረቱ ብቻውን ከሚዝገው በላይ ይዝጋል፤ በዚህ ነገር ተጎጂው ሁሌም ብረቱ ነው። የፈረስ ላብ ከሰው ላብ ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ ይሄ ቶሎ ይመጣል። ከላይ ያልኩት መዳብ ችንካርም ዘለበቱን እንዳይነካው አርቁት።

ብረት ደግሞ በእንጨት ልጣጭ ከተለፋ ቆዳ ጋር ሲርስ ያጠቁረዋል። ልጣጩ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይሆናል፤ የድሮ የአውሮፓ የጽሕፈት ቀለምም በዚሁ መንገድ ይሠራ ነበር። መጥቆሩ ራሱ ችግር አይደለም። ጠቁሮ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ ግን ቆዳው እዚያ ሞቷል።

አይዝጌስ የሚል ይመጣል፤ ጥሩ ነው፣ ከተገኘ። 304 የሚባለው ይሁን፣ በ308 ኤሌክትሮድ ይበየድ። በገበያ በርካሽ የሚሸጠው 201 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጨው ላይ ይዝጋል።

ብየዳ ቤት
ለተራው ብረት የዝገት መከላከያ፦ ቀለም አትቀቡ። ዘለበት ላይ ቀለም በሳምንት ይላጫል፣ ፍርፋሪውን ፈረሱ ይልሰዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አፍ አጠገብ አይገባም፤ ውስጡ ያለው አይበላም።

የተልባ ዘይት ተጠቀሙ። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ ከሰል ላይ ወይም ምድጃ ላይ አሙቁት። ቀለሙ መጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ሲጀምር አውጡና ዘይት በነካ ጨርቅ በስሱ እሹት፤ በጨርቁ ላይ ጭስ ይወጣል፣ ደጅ ይሠራ። ሲቀዘቅዝ ድገሙት፣ ሦስት ጊዜ። ጥቁር፣ ደረቅ፣ እጅ የማያቆሽሽ ሽፋን ይሆናል። ዘይቱ በዝቶ ከተቀባ ግን ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል። ምላሱን ከራጂ የሠራችሁ ከዚህ ሥራ በኋላ ግጠሙት፣ እንዳይሞቅ። ዘይት የነካውን ጨርቅ ተጨማድዶ ክምር ላይ አትተዉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ ራሱን ያቃጥላል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ክተቱት።

ዚንክ የተነከረ ሽቦ ልበይድ የሚል ካለ ጫፉን ሁለት ሳንቲ ያህል ሞርዶ ዚንኩን ያውርድ። የዚንክ ጭስ ማታ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ወተት ጠጣ የሚለው ምክር ጭሱን አያስቀረውም፤ ነፋስ ያለበት ቦታ መሥራት ነው።

ሰረገላ
ሠርተን ስንጨርስ በምን እንሞክረው?

ብየዳ ቤት
በኩንታል። ሙሉ ጫፍ ቀበቶዋን ከቀለበቱ ጋር አገናኝታችሁ ከጠንካራ አግዳሚ እንጨት አንጠልጥሉ፣ ሥሩ ላይ አንድ ኩንታል እህል ይታሰር፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ብሎ። እግር ከሥሩ አይግባ። አሥር ደቂቃ ይቆይ። ካወረዳችሁ በኋላ ቀለበቱን በሁለት አቅጣጫ ለኩ፦ ባለ 6 ሚሊው ክብነቱን ከለቀቀ በፀጉር ቢለቅ ነው። ባለ 5 ሚሊ ከሆነ ትንሽ ሞላላ ይሆናል፣ ግን አይከፈትም። ብየዳው ላይ በጥፍር የሚነካ መስመር ከታየ ውስጡ አልተያያዘም፤ ይቆረጥና እንደገና ይበየድ። ቀዳዳው ከ1 ሚሊ በላይ ከተለጠጠ ቆዳው ደካማ ነው።

ዘለበቱን ለብቻ በኩንታል መሞከር አያስፈልግም፣ ዙሯ ውስጥ ሆኖ ግማሹን ነው የሚያየው።

የእንስሳት ሐኪም
ለባለጋሪው አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ልጓም ሲገባ ሦስት ቦታ መንካት ነው፦ ምላሱ ጫፍ፣ እጥፋቱ የተሰፋበት፣ የልጓሙ ቀለበት የሚያሽበት የቀበቶዋ ውስጠኛ ፊት። ማታ ደግሞ በንጹህ ውሃ ጨዉን ማጠብ። ሳሙና አይፈልግም። የደረቀ ጨው ያለበት ጠፍር በማግስቱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው።

ዛብ ያዥ
ሁሉንም ጻፍኩት። የቀረኝ ይሄ ነው፦ 20 ሚሊ ጠፍር ላለው?

ሞርሳና መዶሻ
የዘለበቱ ውስጥ 22 ሚሊ፣ ቁመቱ 20፣ ሽቦው ያው ባለ 5፣ ቁርጡ 96 ሚሊ። ምላሱ ባለ 3 ሚሊ፣ ቀዳዳው 4። ቀለበቱን ግን አታሳንሱት፤ ባለ 6 ሚሊው እንዳለ ይቆይ።

የቆዳ እጅ
ቆዳው 20 ከሆነ ደግሞ 4 ሚሊ ውፍረት አይበቃም፤ ሁለት ባለ 3 ሚሊ ደርቡና ዳርና ዳሩን ስፉት። የቀበቶዋ ቁርጥም 2 ሳንቲ ይርዘም፣ ወፍራም እጥፋት ይበላዋል።